ወደ እስክንድርያ የሚያደርስ ስንቅ

ባለፈው ስብሰባችን የጉዞ ሣጥናችን ተከፍቶ ገንዘቡ ተቆጠረ። ከባናና ከዝተት ሽያጫችን ጥቂት ጥቂት እያስቀመጥን በየዓመቱ ለንግሥ የምንሄድበት ሣጥን ነው። ዘንድሮስ ወዴት እንሂድ ሲባል ከአንጋፋ አባሎቻችን አንዷ እናት «እኔ እስክንድርያን ሳላይ ብሞት ይቆጨኛል» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሟን በቤተ ክርስቲያን ስሰማ ኖርኩ፤ ምን እንደምትመስል እንኳ ሳላውቅ ልሙት?» አሉን።

ጸሐፊያችን የፓስፖርቱን፣ የቪዛውን፣ የአውሮፕላኑንና የማደሪያውን ደምራ ስታነብልን ሣጥናችን የአንድ ሰው መንገድ እንኳ አይሸፍንም። ገሚሶቻችን ደጋፊዎቻችንን እንጠይቅ አልን፤ ገሚሶቻችን ለዚህስ እጃችንን አንዘረጋም አልን። ክርክሩ አልበርድ ሲል፣ ከመወሰናችን በፊት ይህን መንገድ ቀድመውን ያቀዱት እንዴት እንደተሰናዱ እንመልከት ተባባልን። ያገኘነውን እነሆ።

እስክንድርያ በግብፅ ሰሜናዊ ጠረፍ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ታላቁ እስክንድር በ331 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቆረቆራት፤ ከዚያም ወደ 1000 ዓመት ገደማ የግብፅ ዋና ከተማ ሆና ቆየች። በመብራት ግንቧና በመጻሕፍት ቤቷ ዓለም ያውቃታል። እኛ ግን የምናውቃት በጳጳስ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደዚያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ 1600 ዓመት ያህል የአገራችን ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ሆነ። በ11ኛው መቶ ዓመት መንበሩ ወደ ካይሮ ቢዛወርም ስሙ የእስክንድርያ እንደሆነ ቀረ። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙም በፍትሐ ነገሥት ተጻፈ።

እንግዲህ አንድ ጳጳስ ባረፈ ቁጥር ጉዞ ይታቀዳል። ወርቅ ይሰበሰባል፤ ለግብፅ ገዢ እጅ መንሻ፣ ለፓትርያርኩ ደብዳቤ ይዘጋጃል፤ መልእክተኞች ይመረጣሉ። መንገዱ በምጽዋና በቀይ ባሕር ወይም በሱዳን በረሃ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመንም እንዲህ ያሉ መልእክተኞች ተልከው ነበር። ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው የምጽዋው ናይብ መንገድ ላይ አስቁሞ ከያዙት ገንዘብ ወሰደባቸው። ስንቅ አሰናድቶ መነሣት አንድ ነገር ነው፤ መድረስ ሌላ።

መልእክተኞቹ ሲዘገዩ የሚጎዳው የገጠሩ ሰው ነበር። ጳጳስ ከሌለ አዲስ ቄስና ዲያቆን አይሾምም፤ አዲስ ታቦት አይባረክም። አባ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. እስኪመጡ ድረስ አገሪቱ 10 ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይታለች። እኛ እናቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ያለው ቄስ እያረጀ፣ ተማሪው ልጅ ሳይሾም እየጎለመሰ፣ ሁሉም ዓይኑን ወደ ምጽዋ መንገድ ሰክቶ መጠበቅ ነው።

በ1874 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በብዙ ወጪ አራት ጳጳሳት አስመጡ፤ ጴጥሮስ፣ ማቴዎስ፣ ሉቃስና ማርቆስ ይባላሉ። ለሸዋ የደረሱት አቡነ ማቴዎስ ናቸው። አፄ ምኒልክን እንጦጦ ላይ ቀብተው ያነገሡት እሳቸው ሲሆኑ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ እዚሁ አገልግለው እዚሁ አረፉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለእኛ ማኅበር ትልቅ ትምህርት አለው። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ሄደው ጵጵስና ተቀበሉ። ከእነርሱ አንዱ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ የረሸኗቸው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ደስታው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለው። አዲሶቹ ጳጳሳት ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። እነርሱ ሲያርፉ አገሪቱ ተመልሳ ካይሮ ደጅ ልትጠና ነው ማለት ነው። ሥራው ተሰጠ፤ ቁልፉ ግን ከሰጪው ጋር ቀረ።

ቁልፉን ለማግኘት ሌላ 30 ዓመት ድርድር ፈጀ። በዚህ ጊዜ ከፊት የነበሩት የጎረቤታችን የሚዳ ልጅ ናቸው። እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ በ1883 ዓ.ም. ሚዳ ሚካኤል ተወለዱ። በ1940 ዓ.ም. ጳጳስ ተብለው አቡነ ባስልዮስ ተሰኙ፤ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆነው ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣን አገኙ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ከእስክንድርያ ጋር ያለው የእምነት ዝምድና አልተቋረጠም። ልጅ ራሱን ሲችል ከእናቱ ቤት እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ መሄድ ለዝምድና ሆነ።

ይህን ካነበብን በኋላ የራሳችንን ነገር አነሣን። ማኅበራችን ሲጀመር የብድር ገንዘቡን ከውጭ አገኘን፤ ከባንክ ለማውጣት ግን የሌላ ሰው ፊርማ ያስፈልገን ነበር። የአንዲት አባላችን ልጅ ታማ ፊርማው እስኪመጣ ሦስት ቀን እንደጠበቅን አንረሳውም። ልጅቷ ተረፈች፤ ያ ጥበቃ ግን አሁንም ያመናል። ዛሬ የሚፈርሙት ከመካከላችን የመረጥናቸው ሦስት ሴቶች ናቸው። ደጋፊዎቻችን ከሰጡን ሁሉ የሚበልጥብን ይህ ነው።

መጠየቅ ነውር ነው አንልም፤ ነገሥታቱም ጠይቀዋል። ብቻ የምንጠይቀው ነገ በራሳችን እንድንሠራ የሚያደርገንን ይሁን ብለን ተስማማን። ለጉዞ ደግሞ የራሳችን ልማድ አለን። አያቶቻችን ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ከልለው፣ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ታግሠው፣ በቀኑ አብረው ያጭዱ ነበር። የጉዞ ሣጥናችንም እንዲሁ ይጠበቃል።

ስለዚህ ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ወደ ሚዳ እንሄዳለን። እያንዳንዳችን በሶና ዳቦ እንይዛለን፤ የመኪናውን ኪራይ ሣጥኑ ይችላል። ለእስክንድርያ ሁለተኛ ሣጥን ከፍተናል፤ ደጋፊዎቻችንን ለዚህ አንጠይቅም። ሲሞላ መጀመሪያ የሚሄደው ማን እንደሆነ ዕጣ አላስፈለገንም። እናታችን ግን ውሳኔውን ሰምተው «እንግዲህ ጨርሳችሁ እስክትቆጥሩ እኔን ደግሞ አቆዩኝ» ብለው፣ እንዝርታቸውን አንሥተው ሱፋቸውን መፍተል ቀጠሉ።