ቅድመ ማጉያ

ቅድመ ማጉያ፦ ከቤዝ ጊታር፣ ከክራር ወይም ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ተቀብሎ፣ ጉልበት ሰጥቶና ጠባዩን አስተካክሎ ለዋናው ማጉያ የሚያቀብል መሣሪያ። ሙዚቀኞቻችን “ፕሪአምፕ” ይሉታል።

የሰፈራችን የነፋስ ስልክ ስም ራሱ የቃል ማብራሪያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር መልእክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ አገር ሲገባ “ነፋስ ስልክ” ተባለ። መሣሪያውን ያላየ ሰው እንኳ ስሙን ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለ ስም አላገኙም። የሠርግና የመድረክ ትልቁን ስፒከር ዛሬም “ሞንታርቦ” እንለዋለን፤ ሞንታርቦ የጣሊያን ድርጅት ስም ነው። ማን እንደሠራው ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ፕሪአምፕ “ቅድመ ማጉያ” ይባል የምለው ለዚህ ነው፤ ስሙ ሥራውን ይናገራል።

በአማርኛ “ቅድመ” የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት አገልግሎት አለው። ቅድመ አያት ወይም ቅድመ ታሪክ ስንል በጊዜ የቀደመውን እናመለክታለን። ቅድመ ሁኔታ ስንል ግን ኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚወሰንበትን ነገር ማለታችን ነው። ቅድመ ማጉያ ከሁለተኛው ወገን ነው። የቤዝ ጊታር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) የሚሰጠው ሞገድ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ቢሆን ነው፤ ዋናው ማጉያ ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት ደግሞ ወደ 1 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ያንን ክፍተት የሚሞላው ቅድመ ማጉያ ነው። የድምፁ ወዝ፣ ውፍረትና ጥራት በአብዛኛው የሚበጀውም እዚያው ነው። ዋናው ማጉያ የሰጡትን ያገዝፋል፤ የተበላሸ ከሰጡት ብልሽቱን ያገዝፈዋል።

ይህ ይበልጥ የሚታየው ጥንድ ማጉያ ላይ ነው። ጥንድ ማጉያ ማለት የቤዙን ድምፅ ወፍራምና ቀጭን ብሎ ለሁለት ከፍሎ፣ ለየክፍሉ የራሱን ማጉያና የራሱን ስፒከር መስጠት ነው። የሚከፍለውን መሣሪያ ባለሙያዎች “ክሮስኦቨር” ይሉታል፤ እኔ “ድምፅ ከፋይ” እለዋለሁ።

ለጆሯችን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በገናን እናስብ። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ ይሰጣሉ፤ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ደግሞ ንዝረት ታክልበታለች። ወፍራሙ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ንዝረቱ አውታሩን ለይተን እንድንሰማ ያደርገናል። ቤዝ ጊታርም እንዲሁ ነው። አራተኛው ክር ሲመታ መሠረቱ 41 ኸርዝ ላይ ይርገበገባል፤ የጣቱ ንክኪና የክሩ ጥራት ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ ይገኛል። አንድ ስፒከር ሁለቱንም ሲሸከም፣ ለወፍራሙ ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርገው ትልቅ እንቅስቃሴ ቀጭኑን ያደፈርሰዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን “ኧረ መላ መላ” ያዳመጠ ሰው፣ በዘፈኖቻችን ቤዝ ከሥር ተደብቆ የሚሄድ ሳይሆን ዜማውን ይዞ የሚገፋ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ያለ ቤዝ ሲደፈርስ ዘፈኑ አብሮ ይደፈርሳል።

ለቡ አካባቢ አንዲት የልምምድ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ቤዚስት ከታች ባለ 15 ኢንች፣ ከላይ ባለ 10 ኢንች ጥንድ ስፒከር ደርድሯል። ማጉያዎቹም ሁለት ናቸው። ድምፁ ግን ጭቃ ነበር።

“ጋሼ፣ ሁለቱም አዲስ ናቸው፤ ለምን ይደባለቅብኛል?” አለ።

እዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የድምፅ ባለሙያ ገመዱን በእጃቸው ተከትለው ሄዱ። ከቅድመ ማጉያው የሚወጣው አንድ መስመር ነበር፤ እሱም በባለ ሁለት አፍ ገመድ ለሁለቱም ማጉያዎች እንዳለ ይገባል። “ልጄ፣ ማጉያህ ሁለት ነው፤ ድምፅህ ግን አልተከፈለም” አሉት።

ድምፅ ከፋይ ያለበት ሌላ ቅድመ ማጉያ ተዋሱና ሰኩለት። መጀመሪያ የላይኛውን ዘጉ፤ የጎረቤት ሠርግ ከግቢው አጥር ማዶ ሲሰማ ያለው ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ የታችኛውን ዘጉ፤ የጣትና የክር ጭረት ብቻ ተሰማ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲከፍቱ ልጁ ፈገግ አለ፤ እያንዳንዱ ምት ለየብቻው ቆሞ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ለጥንድ ማጉያ የሚሆን ቅድመ ማጉያ የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ዋጋም ስለ ስምም አይደለም፤ ክፍፍሉ የት ላይ እንደሚደረግ ነው። እንደ አሌምቢክ ኤፍ-1ኤክስ ያሉ ቅድመ ማጉያዎች ድምፅ ከፋይ በውስጣቸው አላቸው፤ ሌሎቹ ራሱን የቻለ ከፋይ ይፈልጋሉ። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። የመክፈያው ነጥብ የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል፤ ለቤዝ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 500 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይገኛል። የወፍራሙና የቀጭኑ መጠን ለየብቻ መስተካከል መቻል አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ መግቢያውን ይመለከታል። ለተለመደው የጊታር ፒካፕ 1 ሜጋኦም የመግቢያ ተቃውሞ ይበቃል፤ ለክራር ወይም ለበገና ተለጣፊ ፒካፕ ግን እስከ 10 ሜጋኦም የሚደርስ ይሻላል። አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ገና ከበሩ ይሳሳል።

ሦስተኛው ወደ ሚክሰር የሚሄደው መስመር ነው። በቤተ ክርስቲያንም በሠርግም የድምፅ ባለሙያው የሚፈልገው ሙሉውን ድምፅ ነውና፣ ይህ መስመር ከክፍፍሉ በፊት የሚወጣ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገመዱ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር ይሁን። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ነው፤ የቤዙ ዝቅተኛ ሶል ደግሞ 49። ገመዱ የመብራት እምምታ ከሰበሰበ፣ ጩኸቱ የሚቀመጠው ቤዙ ራሱ በሚቀመጥበት ቦታ ስለሆነ በኋላ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም።

ሁሉም ጥያቄዎች ከዋናው ማጉያ በፊት የሚመለሱ መሆናቸውን ልብ በሉ። በገና ደርዳሪ መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ እንዚራዎቹን አንድ በአንድ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ ያስተካክላል። አንዷ ካልነዘረች አይጀምርም። “ቅድመ” ያልነው ይህንን ነው።