ለሟች የሚሰጥ ጉልበት

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ ገሳይን አቋርጦ የጉናን ትከሻ ይወጣል። ገብስና ድንች በሚበቅልበት በዚህ ደጋ ሰው ሲሞት ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል። የእርሻ ወቅት ከሆነ ደቦ ይወጣል። ጎህ ሲቀድ ጥማዶች ከየአቅጣጫው የሟቹ ማሳ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ በሬ ሲጠምድ ሌላው ድንጋይ ይለቅማል፤ ፀሐይ ሳትበረታ መሬቱ ይገለበጣል። ሟቹ ያቋረጠውን ሥራ ጎረቤት ይጨርስለታል። በእኛ አገር ሟችን የማክበር ትልቁ ሥርዓት ይህ ይመስለኛል። መከራው አገር ሲያዳርስስ?

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው ክፉ ቀን መጀመሪያ የመታው በሬውን ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ እርሻን አስቆመ፤ ረሃብና ወረርሽኝ ተከተሉ። በዚያው ዘመን ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። በሬ ያለቀበት ገበሬ በእጁ እየቆፈረ እንዲዘራ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው አርአያ ሆነዋል። አገር ሙታኑን ቀብሮ የተነሣው በዶማ ነው።

ጣሊያን ለወረራ ሲዘጋጅ፣ ሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬም ማኅበሩ የቆመው በበጎ ፈቃደኞቹ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ደግሞ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀናት ጭፍጨፋ ሆነ፤ ኢትዮጵያ የሰማዕታቱ ቁጥር 30,000 ነው ትላለች። ስድስት ኪሎ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ከሐውልቱ አጠገብ ያለው ሆስፒታልም የካቲት 12 ይባላል። በሰማዕታት ስም በየቀኑ ሕሙም ይታከማል፤ ይህን የሚያህል መታሰቢያ አላውቅም።

የ1977ቱ ረሃብ ለደቡብ ጎንደር የራስ ቁስል ነው። እህል ፍለጋ የወጣው ሕዝብ እብናት ላይ በመጠለያ ተከማችቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር የመንግሥት ኃይሎች ጎጆዎቹን አቃጥለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስወጡ፤ የደከሙት በየመንገዱ ወደቁ። ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ ባይኖርም ልጆቻቸው በየቀበሌው አሉ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የወሎ ረሃብ ያስነሣቸው እናትም ነበሩ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወሎ ሲሄዱ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። አንሥተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ቤታቸው የሕፃናት ማሳደጊያ ሆነ። የራሳቸው አባት በጣሊያን ጦርነት የሞተባቸው፣ አባት ሳያውቁ ያደጉ ሴት ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ የማያውቋትን ሟች ሴት የእናትነት ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ናዳ የቀበራቸውን ወገኖች ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ የቆፈሩ ጎረቤቶችን ሁለተኛው ናዳ ዋጣቸው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ለሌላው ሲቆፍሩ የሞቱትን ከልብ ማክበር የሚቻለው በያዙት አካፋ ነው።

ወደ ገሳይ ልመለስ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ጋይንትንና ጉናን አዳረሰ፤ ከባድ መሣሪያ በደብረ ታቦር ከተማ ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህም የአማራ ክልል ሐዘን አልተቋረጠም። በየደጃፉ አባወራ የሌለው ማሳ፣ አስተማሪም ደብተርም የሚሻ ልጅ አለ።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ድርጅት መጠበቅ የለብንም፤ እድር አለ። እድር የማን ቤት እንደጎደለ ከቀበሌ ይልቅ ያውቃል። ድንኳኑ ሲፈርስ ግን ሥራው ያበቃል። የክረምት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች፣ ተማሪዎችና ገበሬዎች ከእድር ዳኛው ጋር ተቀምጠው የእድሩን መዝገብ ይግለጡት፤ ማን ያርሳል፣ ማን ያስጠናል፣ ማን ደም ይለግሳል፣ ማን የመበለቷን ጣሪያ ይጠግናል ብለው ይከፋፈሉ። እድር ቀብር ላይ አይቁም፤ የሟቹ ገብስ ታጭዶ ጎተራ እስኪገባ ይዝለቅ።