ዶሮዋ ከጓሮ ስትወጣ

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው በራሱ ላይ መዘዝ ለሚጎትት ሰው ቢሆንም ለዶሮዋ ግን ፍርደ ገምድል ነው። የእናቶቻችንን ጓሮ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ዶሮ ስትጭር ከካራ ይልቅ የምታወጣው ትልና የአረም ዘር ነው። ለመሆኑ ዶሮንና ጓሮን ማን አለያያቸው? ነገሩ ተራ ቢመስልም ታሪኩ የሚያልፈው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ በኩል ነውና እስቲ ትንሽ እንጨዋወትበት።

ዶሮ ላገራችን የትናንት እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ፣ መዝበር በተባለ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ የገጠር መንደር የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ የሚደርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት በአፍሪካ ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ የዶሮ አጥንቶች መካከል ቆጥሯቸዋል። እንግዲህ ገበሬያችን ከዚህች ወፍ ጋር የተዋወቀው ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮዋ በጓሮ ውስጥ የራሷ ሥራ ነበራት። ግርዱን፣ ፍርፋሪውን፣ ሰው የማይበላውን ሁሉ ትለቅማለች፤ ፌንጣና ትል ታሳድዳለች። ማታ ቆጥ ላይ ትሰፍራለች። ጠዋት ከቆጡ ሥር የሚጠረገው ኩስ ከአመድና ከገለባ ጋር ተደባልቆ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ጌሾው፣ ወደ ዱባው ሥር ይሄዳል። ኩሱ ከላም እበት ይልቅ በናይትሮጂንና በፎስፈረስ የበለጸገ ነው። ወፍ ሽንቷን ለብቻው አትሸናም፤ በኩሱ ላይ የምናየው ነጩ ነገር ሽንቷ ነው፣ ናይትሮጂኑም በብዛት ያለው እዚያ ነው። እናቶቻችን የኬሚስትሪ ትምህርት ሳያስፈልጋቸው የትኛው ጎመን እንደሚያምር ያውቁ ነበር። ደግሞም በሬው የአባወራው ሲሆን ዶሮዋ የእማወራዋ ነበረች። ከእንቁላሉ የሚገኘው ሳንቲም ባል ሳይጠየቅ ጨው፣ ቡናና የልጅ ደብተር ይገዛ ነበር። ይህን ትንሽ ነገር አድርጎ የሚያይ ካለ የገጠር ሴት ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚህም ቢሆን ዶሮ የጓሮ ከብት ነበረች፤ ጠባቂዋም በአብዛኛው የቤቱ እመቤት ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ባወጣው ፖስተር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል 2 ዶሮ በጓሮ ቢያዝ ቤቱ ትኩስ እንቁላል አይቸግረውም እያለ ሕዝቡን ይቀሰቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1923 በደላዌር ግዛት፣ ኦሽን ቪው በተባለች ከተማ የምትኖር ሲሲል ስቲል የተባለች የቤት እመቤት እንቁላል ለመሸጥ ብላ 50 ጫጩት አዘዘች። በስሕተት 500 ተላከላት። ሴትዮዋ አልመለሰችም። አሳድጋ ለሥጋ በፓውንድ 62 ሳንቲም ሸጠቻቸው፣ ትርፉም አስደነቃት። በ1926 ዶሮ ቤቷ 10,000 የሚይዝ ሆኖ ነበር። ጎረቤት አይቶ ተከተላት፤ ደላዌርን፣ የሜሪላንድን ምሥራቃዊ ዳርቻና የቨርጂኒያን ቁራጭ የያዘው የዴልማርቫ ምድር የዶሮ ሥጋ ኢንዱስትሪ መፍለቂያ ሆነ። ዛሬ በበዓል ቀን ከሱፐርማርኬት የምናነሣው ርካሽ ዶሮ የዚያች የጓሮ ሴት የልጅ ልጅ ነው።

ርካሽነቱን አልጠላም፤ ብዙ ቤተሰብ መግቧል። ነገር ግን ዶሮዋ ከጓሮ ወጥታ በአሥር ሺህ ስትታጎር ኩሷም አብሯት ወጣ። ለጥቂት መደብ ጎመን በረከት የነበረው ነገር ተራራ ሲሆን ማሳው ሊሸከመው አልቻለም፤ ፎስፈረሱና ናይትሮጂኑ በዝናብ ታጥቦ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ ዋቅላሚውን ያለ ልክ ያበቅላል፣ ዋቅላሚው ሞቶ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሜሪላንድ በፖኮሞክ ወንዝ ዓሦች ቆስለውና ሞተው ሲገኙ ጥርጣሬው በዶሮ ኩስ ላይ ወደቀ። የዓሦቹ መሞት መንስኤ ምሁራንን ቢያከራክርም የሜሪላንድ ምክር ቤት በ1998 ገበሬዎች ፍግን በዕቅድ እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ኩሱ ያው ኩስ ነው። የተለወጠው ከጓሮው መራቁ ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ባገራችንም ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለማያና በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል የፈረንጅ ዶሮዎች ገብተዋል። ያገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትንንሽ እንቁላል ብትጥል ነው፤ የፈረንጇ ከ200 በላይ ትጥላለች። ታዲያ የሐበሻ ዶሮ ኋላ ቀር ናት፣ ትጥፋ የሚሉ ሊቃውንት አልጠፉም። ሒሳቡ ግን ጎዶሎ ነው። የፈረንጇ ቀለቧን በገንዘብ ትበላለች፤ ያገሬዋ ከግርድና ከትል ትሠራዋለች። ጓሮውን ማዳበሯን፣ ተባይ መልቀሟንና የእማወራዋን መቀነት መሙላቷን ማን ቆጠረው? እንቁላሉ ይብዛ፣ ማንም አይጠላም። የንግድ ዶሮ ቤት ሲመጣ ግን ገንዘቡ ከሴቲቱ መቀነት ወደ ባልየው ኪስ እንዳይዞር አሁኑኑ ሊታሰብበት ይገባል።

በአሜሪካ ዶሮዋ ቀስ በቀስ ወደ ጓሮ እየተመለሰች ነው። በዊስኮንሲን የምትገኘው ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ ቤት 4 እናት ዶሮ ፈቀደች፤ ሲያትል ደግሞ በ2010 ከ3 ወደ 8 ከፍ አደረገች። ለመጀመር ላሰበ ወገን ሁለት ነገር ልበል። ትኩስ ኩስ ተክል ያቃጥላል፣ ሳልሞኔላም ይኖረዋል፤ ከደረቅ ቅጠል ጋር ሳይብላላ መደብ ላይ አይውጣ። ጥሬውን የሚያፈስ ሰው፣ የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ እንደሚለው፣ አፈር የሚነካ አትክልት ለመልቀም 120 ቀን ይጠብቅ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ አፈሩ የአሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና መጀመሪያ ያስመርምር፤ ዶሮዋ ከጫረችው እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። አውራ ዶሮ ግን ሁለቱም ከተሞች ከልክለዋል። የፋሲካውን ዶሮ እንግዲህ እንደ ልማዳችን ከእርሻ ቦታ ነድተን እናመጣለን፤ ንጋቱንም ስልካችን ይጩኽልን።