የኮምፒውተር ማራገቢያንና መብራትን በሶፍትዌር መቆጣጠር

ኮምፒውተር ሥራ በበዛበት ቁጥር ይሞቃል። ሙቀቱን ከሣጥኑ ጠርጎ የሚያወጣው በተለምዶ «ፋን» የሚባለው ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሽከረከር፣ በላዩ የተገጠመው ባለቀለም መብራትም እንዴት እንደሚበራ በሶፍትዌር መወሰን ይቻላል። ኹለቱ ግን እኩል ክብደት የላቸውም። መብራቱ ጌጥ ሲኾን ማራገቢያው የኮምፒውተሩን ዕድሜ የሚወስን ነው።

ሙቀት ለምን ያሳስባል?

ብዙዎቹ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች የሙቀት መጠናቸው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ራሳቸውን ለማዳን የሥራ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል። በጽሕፈትና ኮፒ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ «አርጅቷል» ከማለት በፊት ሙቀቱን መመልከት ይገባል።

የመልክዓ ምድራችን አቀማመጥም ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። በመኾኑም በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሳል። እንደ መተማ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ወደ ሣጥኑ የሚገባው አየር ራሱ ሞቃት ነው። ስለዚህ በሌላ አገር ለሚኖር ተጠቃሚ የተመከረን ቅንብር እንዳለ መቅዳት አይበጅም።

ፍጥነቱ እንዴት ይለወጣል?

አብዛኞቹ የሣጥን ማራገቢያዎች በ12 ቮልት ይሠራሉ። ባለ 3 ፒን የኾኑት ፍጥነታቸው የሚለወጠው የሚደርሳቸው ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ሲል ነው። ባለ 4 ፒን የኾኑት ግን ቮልቴጁ ሳይነካ በአራተኛው ፒን በኩል በሰከንድ 25 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚመላለስ የመቆጣጠሪያ ምልክት ይቀበላሉ። ይህ ስልት ፒ ደብሊው ኤም ይባላል። ማራገቢያው በበኩሉ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሽከረከር ለማዘርቦርዱ መልሶ ያሳውቃል።

ተጠቃሚው የሚያዘጋጀው ሙቀትን ከፍጥነት ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው። ለአብነት እስከ 40 ዲግሪ 30 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ 50 በመቶ፣ በ80 ዲግሪ 100 በመቶ ተብሎ ሊቀናበር ይችላል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ጩኸቱ በ15 ዴሲቤል ገደማ ስለሚጨምር ኹልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ማሠራት አያስፈልግም። ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግም ማራገቢያውን ጭራሽ ሊያቆመው ስለሚችል ዝቅተኛውን ፍጥነት ሲወስኑ መሽከርከሩን በዓይን ማረጋገጥ ያሻል።

ከባዮስ መጀመር

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ተመራጭ ስፍራ ባዮስ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በአብዛኛው «ዴሊት» ወይም «ኤፍ 2» የተባለውን ቁልፍ በመጫን ይገባል። ኤሱስ የማራገቢያ ቅንብሩን «ኪው-ፋን»፣ ጊጋባይት ደግሞ «ስማርት ፋን» ይሉታል። በባዮስ የተቀመጠ ትእዛዝ ዊንዶውስ ቢበላሽም ይሠራል። ተጨማሪ ሶፍትዌር ግን የሚያዘው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ተነስቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ከደከመ የባዮስ ቅንብር ሊጠፋ ስለሚችል አልፎ አልፎ ማየት ይገባል።

የትኛው ሶፍትዌር?

በባዮስ የማይገኝ ነገር ሲፈለግ፣ ለምሳሌ የሣጥኑ ማራገቢያ የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት እንዲከተል ሲያስፈልግ፣ በዊንዶውስ ላይ «ፋንኮንትሮል» የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ያገለግላል። በሊኑክስ «ኤልኤም-ሴንሰርስ» ሙቀቱንና ፍጥነቱን ያነባል። ለመብራት ደግሞ «ኦፕንአርጂቢ» የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የተለያዩ አምራቾችን ዕቃዎች በአንድ ላይ ያዝዛል። ኮርሴር «አይኪው»፣ ኤንዜድኤክስቲ ደግሞ «ካም» የተባሉ የየራሳቸው ሶፍትዌሮች አሏቸው። ዊንዶውስ 11ም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚስማሙ ዕቃዎች የራሱን የመብራት መቆጣጠሪያ ይዟል።

አንድን ማራገቢያ ወይም መብራት ኹለት ሶፍትዌሮች እንዲያዝዙት ማድረግ አይገባም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ስለሚሽር ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ መብራቱም ይዛባል።

የደኅንነት ጥያቄም አለ። እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች የኮምፒውተሩን ጥልቅ ክፍል የመንካት ፈቃድ ይጠይቃሉ። በርካቶቹ ይገለገሉበት የነበረውን «ዊንሪንግ ዜሮ» የተባለ ድራይቨር የዊንዶውስ ጸረ-ቫይረስ «ዲፌንደር» በ2025 እ.ኤ.አ. አደገኛ ብሎ መለየት ጀምሯል፤ ምክንያቱም ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በዚያው በር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከሠሪው ገጽ ብቻ ማውረድ፣ ማደስና በፍላሽ የሚዞሩ ቅጂዎችን አለመጫን ይመከራል። ለጌጥ ብርሃን ሲባል ጸረ-ቫይረስን ማጥፋት ከቶ አይገባም።

የመብራቱን ገመድ ልብ ይበሉ

በመብራት ረገድ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከገመድ ነው። ሙሉው በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ የሚያሳየው የመብራት ዓይነት በተለምዶ ባለ 12 ቮልትና ባለ 4 ፒን ነው። እያንዳንዱ አምፖል የተለያየ ቀለም የሚይዝበት ደግሞ ባለ 5 ቮልትና ባለ 3 ፒን ነው። ባለ 5 ቮልቱ በ12 ቮልት መሰኪያ ላይ ከተሰካ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳያነቡ መሰካት ኪሳራ ያስከትላል።

አቧራን ሶፍትዌር አይጠርገውም

ሙቀቱ ያለወትሮው ከጨመረ ፍጥነቱን ከማሳደግ በፊት ሣጥኑን መክፈት ይቀድማል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከነቀሉ በኋላ ምላጮቹን እንዳይሽከረከሩ በጣት ይዞ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይቻላል። ከዚያም አየሩ ከፊት ገብቶ በኋላ መውጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የፍጥነት ቅንብሩም መሠራት ያለበት ከጽዳቱ በኋላ ነው፤ በአቧራ በታፈነ ማራገቢያ ላይ የተሠራ ቅንብር ጩኸቱን ይጨምራል እንጂ ሙቀቱን አያወጣም።