የዴልፊ ቤተ መቅደስና የባሮቹ ግንብ

ከአቴና በስተሰሜን ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፓርናሶስ ተራራ ገደል ሥር የሚታየው ፍርስራሽ የጥንት ግሪኮች የዓለም እምብርት ይሉት የነበረው ዴልፊ ነው። የአፖሎን ቤተ መቅደስ ከከበቡት 38 ዓምዶች ዛሬ ቆመው የሚታዩት 6 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ከወደቁበት ተነሥተው እንደገና የተገጣጠሙት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ነው። ጎብኚው ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ስለ ፒቲያ የሚነገረውን አዳምጦ ይመለሳል።

የሚነገረውም ብዙ ነው። ይህች ሴት ካህን በቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል በሦስት እግር ወንበር ላይ ተቀምጣ የአምላኩን ቃል ታሰማለች ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ነገሥታትና ከተሞች ጦር ከመክፈታቸው በፊት መልእክተኛና መባ ይልኩ ነበር። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ በፋርስ ላይ ቢዘምት ታላቅ መንግሥት እንደሚያፈርስ ተነገረው፤ ዘመተም፤ የፈረሰው ግን የራሱ መንግሥት ሆነ። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ የንግርቱ ሰምና ወርቅ አይሰወረውም። ፒቲያን ከራሷ ያወጣት ከዓለት ስንጥቅ የሚመነጭ ጋዝ ነው የሚለው አስተያየት እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የጂኦሎጂ ጥናት ተደግፎ እንደገና ቢነሣም፣ እስከ ዛሬ ማከራከሩን አላቆመም።

በግሪክኛ የተጻፈው የሄልዮዶሮስ ልብ ወለድም አንዲት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በዴልፊ አድጋ የቤተ መቅደስ አገልጋይ እንደ ሆነች ይተርካል፤ ኢትዮጵያ የሚላት ግን የሜሮኤን ምድር ነው። ከሩቅ አገር ወደ ዴልፊ የመጡት ሁሉ ግን የንጉሥ ልጆች አልነበሩም። ይህን የሚመሰክረው፣ ከጎብኚዎች ብዙዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት የሚያልፉት ግንብ ነው።

ግንቡ ከቤተ መቅደሱ በታች አፈሩን ደግፎ የያዘ፣ ወደ 90 ሜትር የሚረዝም ነው። ድንጋዮቹ ያለ አንዳች ኖራ፣ በተጠማዘዘ ጠርዛቸው አንዱ ከሌላው ተገጥመዋል። ገጹም በጽሑፍ ተሸፍኗል። በዴልፊ ከተገኙት ከ1000 በላይ የሚሆኑ የባሮች ነጻነት ውሎች ብዙዎቹ የተቀረጹት በዚሁ ግንብ ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ገደማ የተጻፉ ናቸው።

የውሉ አሠራር እንዲህ ነበር። ባሪያ በሕግ ፊት እንደ ሰው ስለማይቆጠር ውል መግባት አይችልም። ስለዚህ ጌታው ለአፖሎ ይሸጠዋል፤ ገንዘቡን የሚያቀርበው ግን ራሱ ባሪያው ነው። ካጠራቀመው ወይም ከተበደረው ላይ ለአምላኩ አደራ ይሰጥና በአምላኩ እጅ ራሱን ይገዛል። ከ300 እስከ 500 ድራክማ የተለመደ ዋጋ ነበር። በድንጋዩ ላይ የሻጩ ስም፣ የባሪያው ስም፣ ብዙ ጊዜም የትውልድ አገሩ፣ ትራቄ ወይም ሶርያ፣ ዋጋው፣ ዋሱና ምስክሮቹ ይጻፋሉ። ማንም ነጻ የወጣውን ሰው ይዞ ባሪያ ላድርግህ ቢለው፣ ያየ መንገደኛ ሁሉ ቢያስጥለው ቅጣት እንደማያገኘው ተደንግጓል።

ይህን አንብቦ የአፖሎን ቸርነት ለማመስገን የሚቸኩል ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው መስመር ይታገሥ። በብዙዎቹ ውሎች፣ ነጻ የተባለው ሰው ጌታው እስኪሞት ድረስ ከቤቱ ሳይለይ የታዘዘውን ሁሉ እንዲሠራ ይገደዳል፤ እምቢ ቢል ጌታው እንዲቀጣው ይፈቀዳል። ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ማለት ነው! በአንዳንዱ ውል ደግሞ ሴቲቱ በምትኳ ሕፃን አሳድጋ እንድታስረክብ ታዟል። የእናቲቱ ነጻነት በልጅ ባርነት ይገዛ ነበር። ጌታው የባሪያውን ዋጋ ተቀብሎ ሌላ ባሪያ ሊገዛበት ይችላል፤ ስለዚህ ነጻ መውጣቱ ሥርዓቱን አላናጋውም፤ እንዲያውም አደሰው። ከምስክሮቹም መካከል የአፖሎ ካህናት ስም ይገኛል።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ የአማልክቱን አምልኮ ከከለከለ በኋላ ስፍራው ጠፋ፤ በላዩም ካስትሪ የተባለ መንደር ተቆረቆረ። እ.ኤ.አ. በ1840 ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ኦትፍሪድ ሙለር ከመንደሩ ሥር ከተገለጠው የግንቡ ክፍል ላይ ጽሑፎቹን በበጋው ሐሩር ሲገለብጥ ታመመና አቴና እንደ ደረሰ ሞተ። ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1892 ሰፊውን ቁፋሮ ሲጀምሩ መንደሩ እንዳለ ተነሥቶ በአቅራቢያው ሠፈረ፤ የዛሬዋ የዴልፊ ከተማ እርሷ ናት። የግንቡ ፊደላት ጥቃቅን ናቸው፤ በደንብ የሚታዩት ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ነው።