ሳውዝዴል፦ ጣሪያ የለበሰው ገበያና ያልተሠራው ፕላን

ገበያ ከከተማ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ሰው ለመሸጥና ለመግዛት በተሰበሰበበት ስፍራ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዘመድ ከዘመዱ ይገናኛል፤ ዐዋጅ ይነገራል። ስለዚህም ገበያን ከአንድ ቦታ ነቅሎ በሌላ ቦታ መትከል የንግድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ከተባለ ወዲህ የአዲስ አበባ መልክ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለማኅበራችን አባላት ማስረዳት አያሻም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተፈጸመው የገበያ ዝውውር ግን በስፋቱ ከዚህ እጅግ የላቀ ነው። በሃያና በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ የአያሌ ከተሞች ንግድ ከመሀል ከተማ ወጥቶ በዳርቻ በተሠሩ፣ በመኪና ማቆሚያ በተከበቡ ሰፋፊ ሕንፃዎች ውስጥ ገባ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ዝውውር ታሪክ በአንድ ሕንፃ አማካይነት መመርመር ነው። ሕንፃው በሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኢዳይና የተሠራው የሳውዝዴል ማዕከል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

የነገሩ መነሻ

ከከተማ ወጣ ብሎ ለባለ መኪና ገዢ የተዘጋጀ ገበያ በሳውዝዴል አልተጀመረም። በካንሳስ ሲቲ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተሠራው ካንትሪ ክለብ ፕላዛ ሱቆችን በአንድ ባለቤት ሥር አሰባስቦ ለመኪና ማቆሚያ ያዘጋጀ ነበር። በ1950 በሲያትል የተከፈተው ኖርዝጌት ደግሞ ሱቆቹን በአንድ የእግረኛ መንገድ ግራና ቀኝ ደርድሮ፣ መኪናውን በውጭ አስቀረ። ሁለቱም ግን ሲሠሩ ከላይ ክፍት ነበሩ፤ ዝናቡም ውርጩም ገዢውን ያገኙት ነበር።

ለእነዚህ ገበያዎች መብዛት ምክንያት የሆነው የሕዝቡ ወደ ዳርቻ መፍለስ ነው። ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች በ1944 የወጣው ሕግና የፌዴራሉ መንግሥት የቤት ብድር ዋስትና አዲስ ቤት በዳርቻ መሥራትን አቀለሉ። ይህ ዋስትና ለሁሉ እኩል አልተሰጠም። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለብድር አደገኛ ተብለው በካርታ ላይ ተለይተው ነበርና፣ ወደ ዳርቻ የወጣው በአብዛኛው ነጩ መካከለኛ መደብ ነው። ስለዚህ አዲሱ ገበያ ከመጀመሪያው ለከተማው ሕዝብ ሁሉ የቆመ አልነበረም። መኪናና ብድር ላገኘው ወገን የቆመ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰውየውና ሐሳቡ

የሳውዝዴል ነዳፊ ቪክቶር ግሩን በ1903 በቪየና ተወለደ። ሥነ ሕንፃን በዚያው ከተማ ተምሮ ሲሠራ ሳለ፣ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ሸሽቶ ኒውዮርክ ገባ። እንደሚነገረው በኪሱ የነበረው 8 ዶላር ብቻ ነው። በኒውዮርክ የሱቅ ፊት በመንደፍ ስም ካተረፈ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሮ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በ1954 ለሀድሰን ኩባንያ ከዲትሮይት ወጣ ብሎ የሠራው ኖርዝላንድ ማዕከል፣ ክፍት አደባባዮችና የአትክልት ስፍራዎች የነበሩት ሰፊ ገበያ ሲሆን፣ ዝናው እንዲስፋፋ አደረገ።

ግሩን በልቡ የቪየና ሰው ሆኖ ቀረ። በእግር የሚኬድባትን፣ ቡና ቤቷ የሐሳብ መለዋወጫ የሆነላትን ከተማ ያውቃል። የአሜሪካ ዳርቻ ግን ቤት ብቻ ከቤት ጎን የተደረደረበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ስፍራ የሌለው ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ለእርሱ የገበያ ማዕከል ግብ አልነበረም፤ ለዳርቻው መሀል ከተማ የመስጫ መሣሪያ ነበር። ነጋዴው ለመነገድ ሲል አደባባዩን ይሠራል፤ ሕዝቡም በአደባባዩ ዙሪያ ከተማ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሐሳቡን ለመፈጸም ጥሩ አጋጣሚ አገኘ። በሚኒያፖሊስ ታላቅ መደብር የነበረው የዴይተን ቤተሰብ በኢዳይና ዙሪያ 463 ኤከር፣ ማለት 187 ሄክታር ያህል መሬት ያዘ። በፕላኑ መሠረት ገበያው የዚህ መሬት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ለመኖሪያ ቤቶችና ለአፓርትመንቶች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለሕክምና ማዕከል፣ ለመናፈሻና ለሐይቅ የተመደበ ነበር። ይህን ፕላን አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሕንፃው አሠራር

ሳውዝዴል በጥቅምት 8 ቀን 1956 ተከፈተ። ወጪው 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሁለት ታላላቅ መደብሮችና 72 ሱቆች ሲኖሩት፣ በዙሪያው 5,200 ያህል መኪና የሚያቆም ስፍራ ተዘጋጅቶለታል። በመክፈቻው ዕለት 75,000 ያህል ሰው እንደ ጎበኘው ተዘግቧል።

ሙሉ በሙሉ ጣሪያ እንዲለብስ ያደረገው በመጀመሪያ ደረጃ የአየሩ ጠባይ ነው። የሚኒሶታ ክረምት ውኃን ለወራት በበረዶ ያስራል፤ በጋውም ይሞቃል። የዴይተን ሰዎች ባደረጉት ስሌት በዓመት ውስጥ ለገበያ የሚመቸው ቀን 126 ብቻ ነው። ግሩን ሕንፃውን ዘግቶ፣ ውስጡን ክረምት ከበጋ በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲቆይ አደረገ።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስደስተው ግን ከዚህ የተገኘው ቁጠባ ነው። ሱቆች በተናጠል ለውጭ አየር ሲጋለጡ እያንዳንዱ የራሱ ውጫዊ ግድግዳ፣ በርና ማሞቂያ ያሻዋል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ ለብርድ የሚጋለጠው የግድግዳ ስፋት ይቀንሳል፤ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው አንድ ይሆናል፤ የሱቁም ፊት ያለ በርና ያለ መስተዋት ክፍት ሆኖ ሊውል ይችላል። መንገደኛውን ከዕቃው የሚለየው ነገር አይኖርም። ስለዚህ መዘጋቱ ለአየር ጠባይ መፍትሔ፣ ለግንባታው ቁጠባ፣ ለነጋዴውም ጥቅም ሆነ።

ሁለተኛው ብልሃት ሱቆቹን በሁለት ፎቅ መደርደሩ ነው። ቀደም ሲል የተሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ገበያዎች እየረዘሙ ሄደው ገዢውን ያደክሙ ነበር። ሳውዝዴል ግን በኤስካሌተር የተያያዙ ሁለት ፎቆች ስላሉትና የመኪና ማቆሚያውም በሁለት ደረጃ ስለተዘጋጀ፣ እግረኛው የሚሄደው ርቀት አጠረ፤ ላይኛው ፎቅም እንደ ታችኛው ገበያተኛ አገኘ። የዕቃ መኪኖች ደግሞ ከምድር በታች በተሠራ መንገድ ገብተው ስለሚያራግፉ ከገዢው ዐይን ተሰወሩ።

በመካከሉ የቀን ብርሃን ከላይ የሚገባበት የአትክልት አደባባይ ተሠራ። ዛፍና አበባ፣ የዓሣ ገንዳ፣ 21 ጫማ ከፍታ ያለው የወፎች ቤት፣ የሐሪ በርቶያ የብረት ቅርጾችና ቡና ቤት ነበሩበት። ግሩን በሚላኖ ያለውን በመስተዋት ጣሪያ የተሸፈነ ጋለሪያ ለዚህ አደባባይ አርአያው አድርጎ ይጠቅስ ነበር።

ሥራውን ሁሉም አላመሰገነውም። ታዋቂው ነዳፊ ፍራንክ ሎይድ ራይት በዚያው ዓመት ጎብኝቶ፣ አደባባዩ የመንደር መንገድን ጉድለት እንጂ ውበቱን አልያዘም የሚል ነቀፋ ሰነዘረ። መሀል ከተማን በመሀል ከተማ መተው ይበጅ እንደ ነበርም ተናገረ።

ሕጉና ገንዘቡ

ሳውዝዴል ብቻውን ቢቀር ኖሮ አንድ ያማረ ሕንፃ ተብሎ ይጠቀስ ነበር። በአገሩ ሁሉ እንዲባዛ ያደረጉት ከሥነ ሕንፃ ውጭ የሆኑ ሁለት ሕጎች ናቸው።

የመጀመሪያው የ1954 የግብር ሕግ ነው። አስቀድሞ የንግድ ሕንፃ ባለቤት የእርጅና ተቀናሹን የሚያሰላው በብዙ ዓመታት ላይ በእኩል እያካፈለ ነበር። ለምሳሌ 20 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሕንፃ በ40 ዓመት ቢሰላ ተቀናሹ በዓመት 500,000 ዶላር ይሆናል። አዲሱ ሕግ አዲስ ለሚሠራ ሕንፃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ ያለ ተቀናሽ ፈቀደ። በዚያው ምሳሌ የመጀመሪያው ዓመት ተቀናሽ ወደ 1,000,000 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ ሕንፃው ትርፍ እያስገኘ በሂሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ያሳያል፤ ባለሀብቱም በዚያ ኪሳራ ሌላ ገቢውን ከግብር ያድናል። ጥቅሙ ለአዲስ ሥራ ስላደላ፣ በመሀል ከተማ ያለውን አሮጌ ሕንፃ ከማደስ ይልቅ በዳርቻ አዲስ መሥራት የሚያዋጣ ሆነ።

ሁለተኛው በሰኔ 1956፣ ሳውዝዴል ሊከፈት ወራት ሲቀሩት የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ነው። 41,000 ማይል፣ ማለት 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጣን መንገድ እንዲሠራ ሲወስን፣ ከወጪው መቶ እጅ ዘጠናውን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲችል አደረገ። መንገዱ ከተማውን ከዳርቻው ያገናኛል ተብሎ የታሰበ ቢሆንም፣ የመንገዶች መጋጠሚያ ሁሉ ለገበያ ማዕከል የተመቸ ቦታ ሆኖ ተገኘ።

አደባባይ ወይስ ግቢ?

አሁን ወደ ተቋረጠው ፕላን እንመለስ። ገበያው ሲሠራ በዙሪያው ያለው መሬት ዋጋ ከፍ አለ። በ1965 በአጠገቡ ሆስፒታል ተከፈተ፤ የቀረው መሬት ግን በአብዛኛው በፕላኑ እንደ ተነደፈው ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ገዢ እንደ ፈቀደው ተያዘ። የመኪና ማቆሚያው ሕንፃውን ከአካባቢው ለየው። በእግር የሚደረስበት መሀል ከተማ ይሆናል የተባለው፣ በመኪና ካልሆነ የማይደረስበት ደሴት ሆነ። ሌሎች ሥራ ተቋራጮችና ባለሀብቶች ሊያዩት ሲመጡም የወሰዱት ጣሪያውን፣ ኤስካሌተሩንና ሁለቱን ታላላቅ መደብሮች ነው። ሐይቁንና ትምህርት ቤቱን የቀዳ ብዙ አልተገኘም።

አደባባዩም ቢሆን የሕዝብ አደባባይ አልነበረም። ይህ በሕግ ፊት የታየው በ1972 ነው። በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ጽሑፍ ያደሉ ሰዎች እንዲወጡ በመደረጋቸው ነገሩ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ስፍራው የግል ንብረት መሆኑን ጠቅሶ ለባለቤቱ ፈረደ። በ1980 ግዛቶች በራሳቸው ሕገ መንግሥት ሰፋ ያለ መብት ለመስጠት እንደሚችሉ ቢወሰንም፣ መሠረቱ አልተለወጠም። ሰው የሚገናኝበት ስፍራ ከመንገዱና ከአደባባዩ ወጥቶ በግል ግቢ ውስጥ ገባ፤ በዚያም የሚፈቀደውን የሚወስነው የግቢው ባለቤት ነው።

የሚኒያፖሊስ መሀል ከተማም ዝም ብሎ አልተመለከተም። ከ1962 ጀምሮ ሕንፃዎቹን በፎቅ ደረጃ በተዘጉ፣ በሚሞቁ ድልድዮች ማያያዝ ጀመረ፤ በ1967 ደግሞ ዋናውን የኒኮሌት መንገድ ለእግረኛና ለአውቶቡስ ለየ። በዚህም ከተማው ከሥሩ የወጣውን ገበያ መልሶ ለመምሰል ተገደደ።

ግሩን ራሱ በ1968 ወደ ቪየና ተመለሰ። በ1976 በዚያች ከተማ ደቡባዊ ዳርቻ በእርሱ ሐሳብ አምሳያ የተሠራ ትልቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተና የመሀል ከተማውን ነጋዴ ማስጋት ጀመረ። በ1978 በለንደን ባደረገው ንግግር፣ በስሙ የሚጠሩት የገበያ ማዕከሎች የእርሱ ልጆች እንዳልሆኑ በመግለጽ ካዳቸው። በ1980 ዐረፈ። በዲትሮይት ዳርቻ የሠራው ኖርዝላንድ በ2015 ተዘጋ። ሳውዝዴል ግን ሳይዘጋ ስድሳ ዓመት ተሻገረ። በ2010ዎቹ በመኪና ማቆሚያው ማዕዘን ላይ የመኖሪያ አፓርትመንቶች ተሠሩ፤ በ2019ም አንድ ታላቅ መደብር በነበረበት ቦታ የስፖርት ማዕከል ተከፈተ። ሰው በአጠገቡ እንዲኖርና ከንግድ ሌላ ጉዳይ እንዲኖረው የሚለው የቀድሞው ሐሳብ፣ ገበያው ሲዳከም እንደ አዲስ ተመለሰ።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ቁም ነገር ግሩን ተሳሳተ ወይም ዴይተኖች ስግብግቦች ነበሩ የሚል ፍርድ አይደለም። የሙቀቱ፣ የርቀቱና የዕቃ ማራገፊያው ችግር በሚገባ ተፈትቷል። ነገር ግን በሚገባ የተፈታ የቴክኒክ ችግር በራሱ እግር ይሄዳል፤ ከተፈታበት ዓላማ ተለይቶ በሌላ አገር፣ በሌላ ባለቤት እጅ ይደገማል። በሳውዝዴል ትርፍ የሚያስገኘው ክፍል አስቀድሞ ተሠራ። ትርፍ የማያስገኘው ክፍል ግን መሬቱን የሚጠብቅለትና በውል የሚያስገድድለት ስላልነበረው በወረቀት ላይ ቀረ።

እኛም ዛሬ በከተሞቻችን ዳርቻ መንደርንና ገበያን፣ ትምህርት ቤትንና መናፈሻን በአንድ ፕላን ላይ እንስላለን፤ ሥራውም በምዕራፍ ተከፋፍሎ ይቀርብልናል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሥዕል ላይ ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ ማንሣት ከሙያው ግዴታ እንጂ ከትርፍ ሥራ አይቆጠርም፦ የቀሩት ምዕራፎች ሁሉ ባይሠሩ፣ ይህ ክፍል ብቻውን ለከተማው ምን ይሆናል? መልሱ መልካም ካልሆነ፣ መናፈሻውና ትምህርት ቤቱ ከገበያው ጋር በአንድ ውል፣ በአንድ ምዕራፍ እንዲገቡ መጠየቅ ያለበት ጊዜ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነው።