ባመጣቸው መርከብ ተመለሱን?

በአሰላ ገበያ አንድ አዛውንት «ጣልያኖቹን ያመጣቸው መርከብ ነውን መልሶ የወሰዳቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ከጭላሎ ግርጌ ወርደው ባሕር ያላዩ ሰው ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን ከብዙ ምሁር ጥያቄ ይበልጣል። (ዓመታቱን የምቈጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው።)

ሳቱርኒያና ቩልካኒያ የሚባሉት የኢጣልያ መርከቦች በ1927 እና በ1928 ሥራ ሲጀምሩ፥ ልካቸው 24,000 ቶን ገደማ የሆነ፥ ባለጸጎችን ወደ አሜሪካ የሚያመላልሱ ቅምጥል መርከቦች ነበሩ። በ1935 ግን ሀገራችንን ሊወር የመጣውን ሠራዊት ጭነው አመጡ።

በ1941 ወራሪው ድል ሲሆን፥ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት በሀገራችን ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት ቀን ክፋት በክፋት እንዳይመለስ አዝዘው ነበር፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ይህ ትእዛዝ ቀላል አልነበረም። በእንግሊዝና በኢጣልያ ስምምነት ከ1942 እስከ 1943 እነዚያው ሁለቱ መርከቦች፥ ከጁሊዮ ቼዛሬና ከዱይሊዮ ጋር ሆነው፥ ነጭ ቀለም ተቀብተውና ቀይ መስቀል ተሥሎባቸው በርበራ ደረሱ። በስዊዝ ቦይ ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው መላውን አፍሪካ መዞር ግድ ሆነባቸው። በሦስት ጉዞ 28,000 ያህል ሰዎችን መለሱ። እንግዲህ ለአዛውንቱ የሰጠሁት መልስ «አዎን፥ ከፊሉን» የሚል ነበር።

በዚያው በ1942 ሐምሌ፥ አሳማ ማሩ የተባለችው የጃፓን የመንገደኞች መርከብ በሎሬንሶ ማርኬስ ወደብ ቆማ፥ ከጃፓን ያመጣቻቸውን የጠላት አገር ሰዎች በአሜሪካ በነበሩ ጃፓኖች ትለውጥ ነበር። ጃፓኖች አንዳንዶቹን የቅንጦት መርከቦቻቸውን አውሮፕላን ተሸካሚ አድርገዋቸዋል፤ ገና በመሠራት ላይ የነበረችው ካሺዋራ ማሩ ጁንዮ ተብላ ለጦርነት ወጣች። አሳማ ማሩም በ1944 በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች።

ጁሊዮ ቼዛሬና ዱይሊዮም በዚሁ ዓመት በትሪየስቴ አጠገብ ከአየር ተደብድበው ጠፉ። ሳቱርኒያ ግን በአሜሪካኖች እጅ ሐኪም ቤት ሆና ቁስለኞችን አመላለሰች። የጃፓኗ ሂካዋ ማሩም እንዲሁ የሆስፒታል መርከብ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ፈንጂ ነክቷት ተርፋ፥ ዛሬ በዮኮሃማ ወደብ ታስራ ትጐበኛለች።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ሰምተው «ሕፃናቱስ በደኅና ደረሱን?» ሲሉ ጠየቁኝ።